ሊቀመንበር ያልተባለችው እናቴ

ሶዶ ከተከራየሁበት ቤት ወደ ገበያ ስወርድ አንድ የማዳበሪያ መጋዘን አለ፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር ያ አፍንጫ የሚቆነጥጥ ሽታ ወጥቶ መንገዱን ይሞላዋል። ሰው ፊቱን አዙሮ ያልፋል፣ እኔ ግን ቀጥ ብዬ እቆማለሁ። የእናቴ ነጠላ እንደዚያ ነበር የሚሸተው።

እናቴ ከቦዲቲ ወጣ ብሎ ባለው ቀበሌያችን ሊቀመንበር የሆነችው እኔ ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ከእሷ በፊት የነበሩት ሰውዬ ለቅሶ ቤት እንኳ ሲገቡ «ሊቀመንበር፣ እዚህ ጋ ይቀመጡ» እየተባለ ወንበር ይለቀቅላቸው ነበር። እሷ ስትመረጥ አጨበጨቡላት፣ ከዚያ እየተነሱ «የአስቴር እናት፣ እንኳን ደስ ያለሽ» አሏት፣ በዚያው ቀረ። አስቴር እኔ ነኝ፣ ብቸኛ ልጇ። በእኛ አገር የወለደች ሴት በልጇ ስም መጠራቷ ክብር ነው፣ አይካድም። ግን ሊቀመንበር የሚለው ቃል ራሱ ወንድ ሴት አይልም፤ ሰዉ ነው የሚለው።

የዚያ ዓመት በልግ ማዳበሪያው ጎድሎ መጣ፣ እናቴም ሰፊ ማሳ ላለውም ለሌለውም እኩል ግማሽ ግማሽ ከረጢት እንዲደርስ አደረገች። ሰፊ ማሳ የነበራቸው ጎረቤታችን አቶ ዳና በአጥራችን ሥር ሲያልፉ ሆን ብለው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «የአስቴር እናት ማሳዬን ጦም አሳደረችው!» ይሉ ነበር። ሊቀመንበር ብለው ቢረግሟት እርግማኑ ቢሮ ይቀር ነበር፤ በእኔ ስም ሲጠሯት ግን ዞሮ ዞሮ እኔው ላይ ያርፋል። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ስንወጣ «አስቴር ከልካይዋ!» እያሉ ይከተሉኝ ጀመር። የአቶ ዳና ልጅ አልማዝ፣ ያለችኝ አንዲት ጓደኛ፣ ውኃ ልንቀዳ ስንወርድ «ካንቺ ጋ እንዳልሄድ አባዬ ከልክሎኛል» አለችኝና ጀሪካኗን አንጠልጥላ በሌላው መንገድ ሄደች።

ክረምቱ ባሰ። እናቴ ከጠዋት ጀምሮ ስብሰባ ትሄድ ነበር፣ እኔ የቀዘቀዘ ጎዳሬ እየበላሁ፣ ከእንሰቱ ቅጠል ላይ የሚንጠባጠበውን ዝናብ እየሰማሁ፣ ቅልብልቦሽ ብቻዬን ስጫወት እውል ነበር። ራሴን አሸንፌ ራሴው ላይ እስቅ ነበር።

ለመስቀል አባቴ ከቆላ፣ ከቀን ሥራው መጣ። ጎረቤቱ ተዋጥቶ የገዛው በሬ ታርዶ ሥጋው ሲከፋፈል፣ ቢላ የያዘው ሰው ሻኛውን ቆርጦ አነሳና «ይሄ ለሊቀመንበራችን ነው!» ብሎ ለአባቴ ሰጠው። ያን ሁሉ ወር ከአፋቸው አልወጣ ያለው ቃል ዓመት ሙሉ መንደር ላልነበረ ሰው በአንድ ጊዜ ወጣ። አባቴም እየሳቀ ተቀበለ። እናቴ ሻኛውን ከእጁ ወስዳ በእንሰት ቅጠል እየጠቀለለች «ለስብሰባውም እሱን ጥሩት እንግዲህ፣ እኔ ልረፍ» አለች። ሁሉም ሳቀ፣ እኔ አልሳቅኩም።

ነገሩን እኔው ላስተካክለው አልኩ። አንድ ሰው ከጀመረ ሌላውም ይከተላል፣ ከዚያ ስሜ ይመለስልኛል፣ አልማዝም ትመለሳለች ብዬ አሰብኩ። በዓሉ እንዳለፈ ሰዉ ከዋርካው ሥር ለስብሰባ ሲቀመጥ ሄጄ፣ ከኋላ ቆሜ፣ ባለኝ ድምፅ ሁሉ «ሊቀመንበር!» ብዬ ተጣራሁ። ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። አቶ ዳና «ተመልከቱ፣ ልጇም ቀጠሮ ይዛ ነው የምታገኛት!» ብለው አሳቁብን።

ወደ ቤት ስንመለስ እናቴ ቀድማኝ ስትሄድ ቆይታ ቆመች።

«ማንን ነበር የጠራሽው?»

«አንቺን።»

«ለምን?»

«ስሜን ይመልሱልኝ ብዬ።»

ጎንበስ ብላ አየችኝ፣ ዓይኗ ቀልቷል። «እነሱ የፈለጉትን ይበሉኝ፣ ችዬዋለሁ» አለችኝ። «እማ የምትለኝ ግን አንዲት ሰው ናት ያለችኝ፣ እሷን ደግሞ ለቀበሌ አልሰጥም።» ከዚያ ወዲያ ሊቀመንበር ብያት አላውቅም። እሷም ስብሰባዋን አልቀነሰችም።

በጋው ላይ እሷን አንስተው አንድ ሰውዬ መረጡ። ሰውዬው ገና ከመቀመጫው ሳይነሳ «ሊቀመንበር» ተባለ። እናቴ ከዚያ በኋላ ቤት መዋል ጀመረች፤ አልማዝ ግን አልተመለሰችም፣ ሌላ ጓደኛ ይዛ ነበር።

በቀደም እዚህ ሶዶ መታወቂያ ላወጣ ቀበሌ ሄጄ ነበር። ሊቀመንበሯ ሴት ናት፤ ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ «ሊቀመንበር» ብለው ሲጠሯት ማንም አልሳቀም፣ ማንም ልብ ያለውም የለም። ደስ አለኝ፣ ትንሽም ቆጠቆጠኝ። እናቴ ዛሬም እዚያው የአስቴር እናት ናት፣ አስቴር በሌለችበት ቤት። ያኔ ስሜ በሰው ሁሉ አፍ ነበርና የሚተወኝ ባገኘሁ እል ነበር፤ አሁን አከራዬ እንኳ ስትፈልገኝ «ሦስተኛ በር!» ብላ ነው የምትጣራው፣ እኔም አቤት እላለሁ።