የባባ አብዱሰላም ትዕግሥት

ናጃት ከከሚሴ ወደ ሪያድ የመጣችው በሃያ አራት ዓመቷ ነው። መላዝ በሚባለው ሰፈር፣ አብዱሰላም የሚባሉ የብረትና የሲሚንቶ ነጋዴ ቤት ተቀጠረች። «ባባ» ትላቸዋለች። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ደመወዟን ወር ጠብቀው ይሰጧታል፣ የመኖሪያ ፈቃዷን፣ ኢቃማዋንም ቀኑ ሳያልፍ ያሳድሱላታል።

ባባ ቢትኮይን የሚባለውን የኢንተርኔት ገንዘብ ያከማቹ የነበረው ሰው ሁሉ በሚስቅበት ጊዜ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ወዳጆቻቸው ይሰበሰባሉ፤ ናጃት ሻይ ስታቀርብ ያንኑ ፌዝ ትሰማለች። ወንድማቸው መርዋን፣ «አባታችን መሬት አወረሰን፣ አንተ ለልጆችህ አየር ልታወርስ ነው» ይላቸዋል። ባባ አይቆጡም፤ ፈገግ ብለው ቴምር ያነሣሉ። ዋጋው ወድቆ ሰው ጭንቅላቱን ይዞ ሲጮኽ፣ እርሳቸው ተጨማሪ ይገዙና እስከ ከሰዓቱ የአስር ሶላት ጋደም ይላሉ።

የሚያውቁት ነገር ቢኖር ነው እንጂ ሰው እንዲህ አይተኛም፣ አለች ናጃት በሆዷ። አንድ ቀን ደፍራ ጠየቀቻቸው።

«ባባ፣ ለእኔም ይግዙልኝ።»

ቀና ብለው አዩዋት። «ይሄ ቢጠፋ ለማያስለቅሰው ሰው ነው፣ ልጄ። አንቺ ለአባትሽ ላኪ።»

ምክር ነበር፤ ለእርሷ ግን ንፍገት መሰላት። በሚቀጥለው ዓርብ በጠሃ ገበያ ወርዳ፣ ስልክ የሚጠግነውን ያገሯን ልጅ ጀዋርን አገኘችው። ቢትኮይን እንዲገዛላት ለቤት መሥሪያ ያጠራቀመችውን አወጣች።

«እህቴ፣ ግማሹን ብቻ ብናደርገውስ?»

«ያላ ወንድሜ፣ ሁሉንም!»

በዓመቱ ዋጋው ተንኮታኮተ። ናጃት እንደ ባባ ልትተኛ ሞከረች፤ እንቅልፍ ግን ከየት ይምጣ! ልብስ ስትተኩስ ስልኳን ታያለች፣ ሽንኩርት ስትከትፍ ታያለች። በዚያው ሰሞን ታናሽ እህቷ ሱመያ ደወለች።

«አባባ ኩላሊቱን ታሟል። ደሴ ያሉት ሐኪሞች እጥበት ካልጀመረ አሉ። ያለሽን ላኪ።»

«ኢንሻአላህ» ብላ ዘጋችው። ትንሽ ብታገሥ ይመለሳል፣ ባባ ይታገሡ የለ እንዴ፣ እያለች ሦስት ቀን ስልክ ሳታነሣ ቆየች። በአራተኛው ቀን ሱመያ እያለቀሰች የላከችውን የድምፅ መልእክት ስትሰማ ወደ ጀዋር ሮጠች። ሲሸጥ ካስገባችው ሩቡን እንኳ አልሞላም። ገንዘቡ ደሴ ደረሰ፤ የአባቷ ኩላሊት ሁለት ጊዜ ታጥቦ ወደ አኼራ ሄዱ። ሐኪሙ፣ ዘግይቷል ነው ያለው።

ባባ ወሬውን ሰምተው ኩሽና ድረስ መጡ።

«ለምን አልነገርሽኝም? እኔ እከፍለው ነበር እኮ!»

እውነታቸውን ነው፤ ይከፍሉ ነበር።

«እንደ እርስዎ ልታገሥ ብዬ ነው» አለች፣ ዓይኗን ከማጠቢያው ሳታነሣ።

«እኔ ምኑን ታገሥሁት» አሉ ባባ። «ሱቁ ዕቃ ይሸጣል፣ የቤት ኪራዩ ይገባል። ረስቼው ነው የምተኛው።»

ከሁለት ዓመት በኋላ ዋጋው ተመለሰ፤ ከቀድሞውም አልፎ ሄደ። መርዋንም ገዛ። ሐሙስ የሚሰበሰቡት ወዳጆች አሁን ባባን ምክር ይጠይቃሉ፤ ሻዩን የምታቀርበው ያችው ናጃት ናት። ገንዘቡ ቆጭቷት አያውቅም ማለት ውሸት ነው፤ ቆጭቷታል። የሚያንገበግባት ግን ሱመያ ቆይታ የነገረቻት ነው፤ ስልክ ባላነሣችበት በሁለተኛው ቀን አባቷ ከአልጋቸው ቀና ብለው፣ «ናጃት አልደወለችም?» ብለው ነበር።