ልጆቼን ልሰብስብ

አያቴ ሮቤ ከተማ ባለው ግቢያችን ውስጥ ለጌጥ ብለው የተከሉት ቢጫ አበባ ያለው የፈረንጅ ግራር የሰፈሩ መኩሪያ ነበር። ዘሩ አጥር እየዘለለ የጎረቤቱን ጓሮ ሁሉ ሲወር ግን ራሳቸው አስቆረጡት። በዚያም አላበቁም። ክረምት በገባ ቁጥር ዶማ ይዘው በየደጁ እየዞሩ፣ «ልጆቼን ልሰብስብ መጣሁ» ይሉና የበቀለውን ሲነቅሉ ይውላሉ።

«እማማ፣ ይተዉት፤ እኛ እንነቅለዋለን» ሲባሉ፣

«እኔ ላመጣሁት እናንተ ምን በወጣችሁ!» ይላሉ። እንዲህ ያለ ኩራት ሌላ ሰው ላይ አላየሁም።

ዘንድሮም ዝናቡ መጣ፤ እሳቸው ግን የሉም። ችግኙ የእኛኑ ግቢ መልሶ ሲወርሰው፣ አንድ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ጎረቤታችን ባለሱቁ ሐጂ ዶማቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ቆመዋል።

«አካም ቡልቴ፣ ልጄ?» ብለው ደህና ማደሬን ጠየቁኝ። «የእማማን ልጆች ልሰብስብ መጣሁ።»