ረጅሙ የወጣበት ጠዋት

በጃፓኗ አማሚ ደሴት ሃቡ የተባለውን መርዘኛ እባብ ማንም በስሙ አይጠራውም። «ረጅሙ» ይሉታል፤ ስሙን የጠራ ሰው ደጁ ድረስ ጋበዘው ማለት ነው። እመት ሚትሱም ዕድሜ ልካቸውን ስሙን ከአፋቸው አላወጡም፤ የሚተዳደሩት ግን በአንድ የዱር አራዊት ማሳያ ግቢ ውስጥ እንቁራሪቱን፣ ኤሊውንና ረጅሙን በመቀለብ ነበር።

አባታቸው ሸንኮራ አገዳ ሲቆርጡ ተነድፈው ቀኝ እጃቸው እንደ ደረቀ ቅርንጫፍ ሆኖ ቀርቷል። «ታዲያ እንዴት እዚህ ሥራ ገቡ?» ሲሏቸው፣ «የሚፈሩትን ሳያዩ ከማደር፣ እያዩ መዋል ይሻላል» ይሉ ነበር። ፍርሃቱ ግን አልለቀቃቸውም። የእባቡን ሣጥን ክዳን ባነሱ ቁጥር አፋቸው ይደርቅ ነበር።

አንድ ዓመት ክፉ አውሎ ነፋስ መጣ። የግቢው አዳራሽ ጠንካራ ነውና የሰፈሩ ሰው ልጆቹን ይዞ እዚያ ተጠለለ፤ ናኦ የምትባለው የልጅ ልጃቸውም አብራ ነበረች። ጠዋት ነፋሱ ገና ሲያፏጭ፣ እመት ሚትሱ ከአዳራሹ ጋር በአንድ በር ወደሚገናኘው የእባቦች ክፍል ገቡና በሩን በጀርባቸው ገፍተው ዘጉት። የበሩ መቀርቀሪያ ተገንጥሏል። አንድ ሣጥን ወድቆ ተከፍቷል። ውስጡ ባዶ ነው።

ከበሩ ማዶ ሕፃናት ይስቃሉ። «ከእግሬ ሥር ቢሆንስ? ስከፍት ቀድሞኝ ቢወጣስ?» ብለው ባሉበት ደረቁ።

«ቶኩያ!» ብለው አዳራሹ ውስጥ ያለውን የሥራ ባልደረባቸውን ጠሩ።

«አቤት እማማ! ደግሞ ሻዩ ቀዘቀዘ ሊሉኝ ነው?»

«ረጅሙ ወጥቷል። ልጆቹን አርቅና የበሩን እጀታ ወዳንተ ስበህ ያዝ።»

የቶኩያ ድምፅ ቀጠነ። «ይውጡ እንጂ እማማ! አብደዋል እንዴ?»

«የት እንዳለ ሳላውቅ በሩ አይከፈትም። ሳብ ብዬሃለሁ!»

ቶኩያ ሲስበው በሩ መጥበቁ ከጀርባቸው ተሰማቸው። እባብ የሚያነሱበት ባለ መንጠቆ ዘንግ ማዶ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ወለሉን በዓይናቸው እየዳበሱ ተራመዱ፤ ወድቆ የተጠማዘዘ ገመድ ረጅሙን መስሏቸው ቆም አሉ። ዘንጉን ጨብጠው ሲዞሩ አዩት። ከበሩ በላይ፣ ጉበኑ ላይ ተጠምጥሞ ራሱን ወደ ታች አዘንብሏል። በሩን ተደግፈው ሲቆሙ ከጠጉራቸው አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ኖሯል።

«እማማ? ዝም አሉ እኮ፤ ልግባ?»

«እንዳትከፍት!»

እባቡ ቀና አለ። ዘንጉን ከወገቡ ሥር አስገብተው ክብደቱ እስኪያርፍበት ጠበቁ። ወደ ሣጥኑ አውርደው ክዳኑን ገጠሙት።

«ገባ» አሉ።

«እሰይ! በሉ ይውጡ፤ ለሻዩ ጥቁር ስኳር አስቀምጬልዎታለሁ። ከዘገዩ ግን እኔ እበላዋለሁ።»

«ብላው» አሉ፣ ሣጥኑ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጠው። «በሩን ብቻ እንደያዝክ ቆይልኝ። እግሬ አልታዘዝ ብሎኛል፤ ናኦ እንዲህ ሆኜ እንዳታየኝ።»