የሺሃረግ የምታስጎበኘው ሰፈር

ላሊበላ ውስጥ የሺሃረግን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ወይ ትናንት የመጣ እንግዳ ነው፣ ወይ እሷ ስለ እሱ ገና ምንም አልሰማችም።

ባሏ ሞላ ፈቃድ ያለው አስጎብኚ ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲያስረዳ ዓይኑን የሚጨፍን ሰው ነው። አሥራ አንዱን አብያተ ክርስቲያናት በሦስት ቋንቋ ይተነትናቸዋል። በሦስቱም ቋንቋ እንቅልፍ ያስወስዳል የምትለው ግን ራሷ ሚስቱ ናት። አንድ የገና ሰሞን የሞላ ጉሮሮ ተዘጋ። ከአዲስ አበባ የመጡ እንግዶች ደጅ ቆመው እየጠበቁት እሱ አፉን ከመክፈትና ከመዝጋት በቀር አንዲት ቃል ማውጣት አቃተው። የሺሃረግ ነጠላዋን አጣፍታ ብቅ አለችና ፈቃድም በቃል ያጠናችው ዓመተ ምሕረትም እንደሌላት፣ ስለዚህ ወደ ቤተ ክርስቲያኖቹ ልታስገባቸው እንደማትችል ነገረቻቸው። ሰፈሩን ለማሳየት ግን የማንም ፈቃድ አያስፈልጋትም፤ ተወልዳ ያደገችበት ነው።

እንዲህ ተጀመረና በዚያው ቀረ። ጠዋት ጠዋት ሞላ ላሊበላ ገና ሮሃ ተብላ የነገሥታት መናገሻ በነበረችበት ዘመን የሆነውን ይተርካል። ከምሳ በኋላ የሺሃረግ እንግዶቹን ተረክባ በጥንቱ ሰፈር፣ በክብ የድንጋይ ቤቶቹ መካከል ይዛቸው ትዞራለች።

«አብያተ ክርስቲያናቱን መላእክት አግዘው ሠሯቸው» ትላለች መጀመሪያ። «ሰፈሩን ግን ያለማንም እርዳታ እኛው ሠራነው። ለዚህ ነው እንዲህ የተጣመመው።»

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ታሪክ የትም አልተጻፈም። ሁለት ወንድማማቾች ተኳርፈው በአንድ ቤት ላይ ሁለት በር ያወጡበትን ግድግዳ ታሳያለች። አንድ ወፍራም አለቃ የተቀመጡባት በቅሎ ዳገቱን አይታ ሥሩ የተኛችበትንና በልመናም በዱላም አልነሣም ያለችበትን ወይራ ታሳያለች። የጉብኝቱ ዘውድ ግን ከሰፈሩ ጥግ ያለው ባለ ደርብ ቤት ነው። እዚያ ስትደርስ ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች፤ የቤቱ ባለቤት እማሆይ አሰለች ቆባቸውን ደፍተው ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉና። እማሆይ ጆሯቸው እንደደከመ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እንግዳ ባዩ ቁጥር ፈገግ ብለው እጃቸውን ያወዛውዛሉ።

ታሪኩ በደርግ ጊዜ የሆነ ነው። አሰለች ያኔ ወጣት ነበሩ፤ መልካቸው ያስቀድሳል ይባል ነበር፤ ቅዳሴ ያስታጉላል የሚሉም ነበሩ። ባላቸው ሰውአገኝ የሚባል የበቅሎ ነጋዴ፣ ቁጡ ሰው ነበር። አንድ ቀን ፍላቂት ገበያ እንደሚሄድ ተናግሮ ወጣ፤ ወንዙ ሞልቶ መለሰው። ቤቱ ሲደርስ እንደ ስሙ ሰው አገኘ። ያገኘው ሰው ድምፀ መልካም የሆነ አንድ ወጣት ደብተራ ነው። የሺሃረግ «ሐሜት እንዳይሆንብኝ» ብላ ስሙን አትጠራም። ደብተራው የባልየውን ኮቴ ደረጃው ላይ ሰማና በደርቡ መስኮት ዘለለ፤ ከታች ያረፈውም ለሚካኤል ማኅበር ጠላ በተጠመቀበት ጋን ላይ ነው። ጋኑም እግሩም ተሰበሩ። ጋኑ የየሺሃረግ እናት ንብረት ነበር፤ እስኪሞቱ ድረስ አልቅሰውለታል። ማኅበርተኛው በዚያ ዓመት ቅዱስ ሚካኤልን በውኃ ዘከረ። ደብተራው ደግሞ እያነከሰ ከአገር ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ያየው የለም።

እዚህ ላይ ሳይስቅ የቀረ እንግዳ ኖሮ አያውቅም። ባለፈው የገና ማግሥት ግን አንዲት ሴት አልሳቀችም። ባንቺዓለም ትባላለች፤ ከመሥሪያ ቤት ባልደረቦቿ ጋር የመጣች ዝምተኛ፣ ባለ መነጽር ሴት ናት። ሌሎቹ እየሳቁ ቀጥሎ ወዳለው የሸማኔ ቤት ሲያልፉ እሷ መስኮቱን ሽቅብ እያየች ቀረች። ከዚያ የሺሃረግን የደብተራውን ስም ጠየቀቻት።

የሺሃረግ ለአንድ ሰው ብቻ ቢነገር ሐሜት አይባልም ብላ ወልደ ኪዳን እንደሚባል ነገረቻት። ባንቺዓለም የተሰበረው የትኛው እግሩ እንደሆነ ጠየቀች። ግራው ነበር። መነጽሯን አውልቃ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው።

«አባቴ ነው» አለች። «ለእኛ ግን ነብር ሰበረኝ ነበር የሚለን።»

ወልደ ኪዳን ለልጆቹ የነገራቸው ሌላ ነው። ተማሪ ሳለ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ ነብር መጣበት፤ ከነብሩ ጋር ሲታገል ገደል ገባና እግሩ ተሰበረ። በየበዓሉ ይህን ይተርክላቸው ነበር፤ ነብሩም ከዓመት ዓመት እየፋፋ ሄደ። አባቷ ካረፈ በኋላ ባንቺዓለም ያን ተራራ በዓይኗ ለማየት ተመኝታ ነበር የመጣችው።

የሺሃረግ ያን ጊዜ መሬት ብትከፈት ትገባ ነበር። ቶሎ ብላ ላስታ ውስጥ ወልደ ኪዳን የሚባል ሰው እንደ ጠጠር የበዛ መሆኑን፣ የእግር መሰበርም ለአንድ ሰው ብቻ የተሰጠ አለመሆኑን ለማስረዳት ሞከረች። ባንቺዓለም ራሷን ነቀነቀች። አባቷ ጠላ ከቀረበበት ቤት ተነሥቶ ይወጣ እንደነበር፣ ቤተሰቡም ይህን ከመንፈሳዊነቱ ይቆጥረው እንደነበር ነገረቻት። ይህን ስትሰማ የሺሃረግ መከራከሯን ተወች።

ባንቺዓለም ወደ እማሆይ ሄዳ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። ጆሯቸው እንደደከመ ከየሺሃረግ ሰምታ ነበርና ድምጿን ከፍ ለማድረግ ስትዘጋጅ፣ እማሆይ ቀደሟት።

«እግሩ ዳነ?» አሉ።

ባንቺዓለም እስኪሞት ድረስ ያነክስ እንደነበር ነገረቻቸው። እማሆይ መሞቱን ሲሰሙ አማተቡ። ዓይናቸው እንባ አዘለ፤ አልፈሰሰም።

«ነብር ነው ማለቱ ውሸት አይደለም» አሉ ቀጥለው። «ባሌን አታውቂውም።»

ባንቺዓለም ሳታስበው ሳቀች። ሳቁ ወደ ልቅሶ ሄደ፤ እንደገና ወደ ሳቅ ተመለሰ። እማሆይ እጇን ይዘው ከቆዩ በኋላ ወደ የሺሃረግ ዞሩ።

«አንቺ ደግሞ ያንን ታሪክ በተናገርሽ ቁጥር ታበላሺዋለሽ። ዘለለ ትያለሽ። መች ዘለለና? መስኮቱ ላይ ቆሞ ውዳሴ ማርያም ጀመረ። ሰውየው ደረጃው መካከል ደርሷል፣ እሱ የሳምንቱን ሁሉ ሊደግም ገና ከሰኞ ነው የጀመረው። እኔ ነኝ የገፋሁት።»

የሺሃረግም መስማታቸውን ለምን ነግረዋት እንደማያውቁ ጠየቀች። እማሆይም ሰው ጆሮዋ ደከመ ካለ በኋላ የሰሙትን ያህል ቀድሞ በዕድሜያቸው ሰምተው እንደማያውቁ መለሱላት። ከዚያ ሸማኔው ቤት የቀሩትን እንግዶች ሂጂ ሰብስቢ ብለው አባረሯት። ስትመለስ ሁለቱ ተጠጋግተው ሲያወሩ አገኘቻቸው፤ እሷን ሲያዩም ዝም አሉ። እስከ ፀሐይ መጥለቂያ የተጨዋወቱትን ሁለቱም አልነገሯትም። የሺሃረግ ይህን ሳታውቅ መኖሯ ዛሬም ያንገበግባታል።

ከዚያ ወዲህ ታሪኩን የሚናገሩት እማሆይ ራሳቸው ናቸው። የሺሃረግ እንግዶቹን አምጥታ እንደ ሠርግ ቤት አጃቢ ከጎን ትቆማለች። የነፍስ አባታቸው ይህን ሰምተው፣ መነኩሴ ሆነው እንዴት እንዲህ ያለ ነገር ያወራሉ ብለው ገሠጿቸው።

«አባቴ፣ የማወራው ንስሐ የገባሁበትን ነው» አሉ እማሆይ። «ያልገባሁበትን መች ነካሁት?»

የነፍስ አባታቸው ቀሪው ምን እንደሆነ ሳይጠይቁ መስቀል አሳልመዋቸው ሄዱ።

የሺሃረግ ዋና ታሪኳን ስትነጠቅ አኮረፈች፤ ኩርፊያዋ ግን አልቆየም። እንግዶች እማሆይ ደጅ ተሰብስበው ሲስቁ፣ ከእሳቸውም ጋር ፎቶ ሲነሡ ያዩ ጎረቤቶች አንድ በአንድ ወደ እሷ ይመጡ ጀመር። ድሮ ስታልፍ በር ይዘጉባት የነበሩ ሰዎች አሁን የአያቶቻቸውን ጉድ ራሳቸው ተሸክመው ያመጡላታል። አንዷ አያቷ የዕድር ድንኳን ሰርቆ ሱሪ ማሰፋቱን በኩራት ተናገረች፤ ሌላው የአጎቱን ሦስት ሚስቶች ቤት በጣቱ አሳያት።

በቀደም ደግሞ አረጋ የሚባል ጎረቤቷ መጥቶ የእሱም ደጅ እንዲጎበኝ ለመናት። የሺሃረግ አስቀምጣ ዘሩን በአባቱም በእናቱም ወገን መረመረችው። አልሰረቁም፣ አልኮበለሉም፣ ከማንም መስኮት አልወደቁም።

«ምን ላድርግህ ወንድሜ» አለችው አዝና፤ «ዘርህ ሁሉ ጨዋ ነው።»

አረጋ አንገቱን ደፍቶ ወጣ።