ማር በማንኪያ

የወንድሜ ልጅ ያይኔአበባ ሳታገባ የቆየችው ጠያቂ አጥታ አይደለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ቡሬ ላይ ወሬኛ ስለማይጠፋ ነው። አስተማሪ ጠይቋት ነበር፤ የእህል ነጋዴ ጠይቋት ነበር፤ አንድ የደምበጫ ሰውማ ሽማግሌ ከመላክ ብዛት ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ሰለቹት። እሷ ለሁሉም መልሷ አንድ ነው፤ "ይችን ዛላ ሸጬ ልጨርስና" ትላለች። ዛላ በርበሬ ደግሞ ቡሬ ላይ መቼ ያልቃል!

ወንድሜ ገብረሰንበት ቋሪት፣ ከገበዝ ማርያም ወዲያ ገበሬ ነው። ልጁን ለትምህርት ብሎ እኔ ጋ ላካት። ለእኔና ለባለቤቴ ለወልደ ሥላሴ እግዜር ልጅ አልሰጠንም፤ እና ያይኔአበባ ስትመጣ ቤታችን ሰው ገባበት። ከትምህርት ቤት ተመልሳ በርበሬ ተራ መደቤ ላይ ትቀመጥና ገዢ ታሳስቃለች። እየቆየ ደንበኛው "ወይኒቱ የለችም?" ማለቱን ተወና "ልጅቷ የለችም?" ማለት ጀመረ። ዛሬ የራሷ መጋዘን አላት። ሳቋ መናኸሪያው ድረስ ይሰማል፤ ሚዛን የሚያጎድል ያየች እንደሆነ ደግሞ ቁጣዋ ከዚያም ያልፋል። ይህን ከእኔ ነው የወሰደችው፤ አልክድም።

ያን ጊዜ መንገዱ ሰላም ነበር፤ ፈረንጅ በብስክሌት ሽው ይል ነበር። የአንደኛው ሰንሰለት ወደ ነቀምት መገንጠያው ላይ ተበጠሰበት። ጥላ ፍለጋ ብስክሌቱን ገፍቶ ገፍቶ በርበሬ ተራ ገባ። የእግዜር ሥራ! ከገባበት ደቂቃ ጀምሮ ማስነጠስ ነው። ያይኔአበባ "ይማርህ" አለችው። ደገመ፤ "ይማርህ"። ሠለሰ። በኋላ ደከማትና መሳቅ ጀመረች፤ እሱም እያስነጠሰ ይስቃል። ያ ሁሉ የበርበሬ ተራ ሴት "ይማርህ" ሲለው እኔ ግን ዝም አልኩ። ከመጀመሪያው አልወደድኩትማ!

ቶማሽ ይባላል፤ አገሩ ፖላንድ ነው። ሰንሰለቱን አሠራችለት። "ነገ እሄዳለሁ" አለ። በነጋታው ጠዋት መጥቶ "ነገ" አለ። እንዲህ እያለ የቱሪስት ቪዛው ሊያልቅ ሲል አገሩ ገባ፤ እኔም እፎይ አልኩ። ምን ዋጋ አለው! በመስከረም፣ አደይ ሲፈነዳ፣ በሌላ የቱሪስት ቪዛ መጥቶ ከሚኒባስ ወረደ። ብስክሌት የለ፣ ምን የለ። በቀጥታ በርበሬ ተራ ገብቶ አስነጠሰ። ያይኔአበባ ሚዛኑን ጥላ ሮጠች፤ ያን ጊዜ ነገሩ እንዳለቀ ገባኝ።

ወንድሜ ግን እምቢ አለ። "ፈረንጅነቱን አይደለም የጠላሁት" አለ። "ወገን የሌለው ሰው ማን ሆኖ ነው ሽማግሌ የሚልክብኝ? ቢጣሉ ለማን አቤት እላለሁ? ቢሞት መርዶውን ለማን እነግራለሁ?" ነገሩ እውነት ነው። እኔም በሆዴ "እሰይ ወንድሜ!" አልኩ። ጎብኚ ስሙ ራሱ ጎብኝቶ የሚሄድ ማለት ነው። ሲሄድ ልጄን ይዞብኝ የሚሄድ መሰለኝ፤ ፍርሃቴ ይኸው ነበር።

የእኔ ባል ግን ሆዱ ቅቤ ነው። "ወገንማ እኔ እሆነዋለሁ" ብሎ ተነሣ። በእኛ አገር ዘመድ የሌለው ሰው የጡት ልጅ ይደረጋል፤ አባት የሚሆነው ሰው አውራ ጣቱን ማር ነክሮ በሽማግሌ ፊት ያጠባዋል፤ ከዚያ በኋላ እንደ ወለደው ነው። ወልደ ሥላሴም ሽማግሌ ሰበሰበና ጣቱን ከማሩ ነክሮ አጠባው። "ከዛሬ ጀምሮ የአብራኬ ክፋይ ነህ" አለው። ቶማሽ ያን ሁሉ ቁመቱን አጥፎ፣ ተንበርክኮ፣ ጢሙ ማር በማር ሆኖ ጠባ።

ይኼኔ አንዱ ሽማግሌ ወደ እኔ ዞሩና "እናቲቱስ? ወይኒቱ፣ አንቺም ጣትሽን አምጪ እንጂ" አሉ።

"ምን ቆርጦኝ!" አልኩ። "እኔ የመንገደኛ እናት አልሆንም!" ነጠላዬን አፍንጫዬ ላይ ጣል አድርጌ ጓዳ ገባሁ። ስሄድ ቶማሽ "ምን አለች?" ብሎ ያይኔአበባን ሲጠይቃት ሰማሁ።

"አፍራ ነው" አለችው። እኔን አፍራ! ግን ምን ታድርግ፤ የሠርጓ ነገር ነው።

ወልደ ሥላሴ የልጁ አባት ሆኖ ለገዛ አማቹ ሽማግሌ ላከ። ገብረሰንበት እየሳቀ ሰጠ። ማዘጋጃ ቤት ፈረሙ፤ ቋሪት ላይ ተደገሰ፤ ቶማሽ እስክስታ ብሎ ትከሻውን አመመው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔን የሚጠራኝ "እማ" ብሎ ነው። መጀመሪያ ዝም አልኩት። እሱ መቼ ይተዋል! ጆንያ ሳነሣ ከየት መጣ ሳልለው ከእጄ ይነጥቃል፤ "እማ፣ ተይ" ይላል። ጉንፋን ጥሎኝ ሳለ ማንጎ አማረኝ ማለቴን ሰምቶ ፍኖተ ሰላም ሄዶ አንድ ዘንቢል ይዞ መጣ፤ አልጋዬ ጫፍ ተቀምጦ እየላጠ አበላኝ። በሕይወቴ እማ ያለኝ ሰው አልነበረም። ውዬ አድሬ "ወዬ" ማለት ጀመርኩ። እንዲያውም ዘግይቶ የመጣ ቀን ወልደ ሥላሴን "ያ ልጅ የት ቀረ?" እያልኩ ሰላም እነሳዋለሁ።

ከሠርጉ በኋላ የመኖሪያ ፈቃድ ነገር መጣ። አዲስ አበባ ኢሚግሬሽን ሄደው አመለከቱ። "ለጉብኝት ገብቶ እንዴት አገባ?" ብለው ጠየቁ አሉ። እንዴት ይባላል! ጎብኝቶ ጎብኝቶ ያየውን ወደደ፤ ምን ያድርግ? ብቻ ማመልከቻውን ተቀበሉና "ጋብቻው የምር መሆኑን የሚመሰክር ማረጋገጫ ከአካባቢያችሁ አምጡ" አሏቸው። ቪዛው የሚያበቃው ጥምቀት ሳይገባ ነው። ፈቃዱ ካልመጣ ይወጣል፤ ከወጣ ደግሞ መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ የለም። ያይኔአበባ አንድ ጠዋት ሚዛኗን እየወለወለች "እሱ ከወጣ እኔም መጋዘኑን ሸጬ እከተለዋለሁ" አለችኝ። ሳቋ አልነበረም። እኔም ዕለቱን ሙሉ እህል አልበላ አለኝ፤ ሁለቱም ሄደው ከወልደ ሥላሴ ጋር ተፋጥጠን ስንቀር ታየኝ።

ለማረጋገጫው በቀጠሮው ቀን አራታችን ፍኖተ ሰላም፣ ዞኑ ቢሮ ሄድን። የሚያጣራው ወጣት ወንዳወቅ ይባላል፤ አንገቱ ላይ ማተብ ያሰረ፣ ለታላቅ ከወንበሩ የሚነሣ፣ የተባረከ ልጅ። መጀመሪያ ያይኔአበባን አስገባ፤ እየሳቀች ወጣች። ቀጥሎ ቶማሽን አስገባ። ትንሽ ቆይቶ በሩ ተከፈተ፤ የወንዳወቅ ፊት ልክ አልነበረም።

"እናቴ፣ አባቴ፣ እባካችሁ ሁላችሁም ግቡ" አለ።

ገባን። ቶማሽ ፈገግ ብሎ ተቀምጧል፤ ፈተና ያለፈ መስሎታል።

"ኢትዮጵያ ውስጥ ዘመድ አለህ ወይ ብዬ ጠየቅሁት" አለ ወንዳወቅ። "አባቴ ወልደ ሥላሴ፣ እናቴ ወይኒቱ፣ በማርያም! ብሎ ማለልኝ። የሚስቱ አባት ደግሞ የወይኒቱ ወንድም ናቸው። እንግዲህ ያገባው የአጎቱን ልጅ ነው! እስከ ሰባት ቤት በሚቆጠርበት አገር እንዴት ብዬ ነው ይህን ጋብቻ ደህና ነው ብዬ የምጽፈው?"

"ኧረ የጡት ልጄ ነው!" አለ ወልደ ሥላሴ ብድግ ብሎ።

"ይባስ! ጡት እንደ ሥጋ ነው ይላሉ አባቶቻችን።" ወንዳወቅ ግንባሩን ያዘ። ጥቂት አሰበና ወደ እኔ ዞረ። "እናቴ፣ ያጠቡት ባለቤትዎ ብቻ ከሆኑ ከልጅቷ ጋር ደም አይነካካም፤ እሳቸው ለቤተሰቧ አማች ናቸው። እርስዎም አጥብተውት ከሆነ ግን የአክስቷ ልጅ ሆነ፤ ልጽፍላችሁ አልችልም። አጥብተውታል?"

ወይ ጉድ! ወልደ ሥላሴ መሬት መሬቱን አየ። ያይኔአበባ ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። ቶማሽ ደግሞ "አዎ በይ እንጂ እማ" በሚል ፊት ያየኛል። እኔም "አዎ" ምላሴ ላይ ነበረች፤ ልጄ ነው ብል እንዴት ደስ ባለኝ! ግን ልጄ ነው ካልኩ ያጡታል፤ አይደለም ካልኩ ደግሞ ያን ቀን ያልኩትን ሁሉ ሊሰማ ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ብዬ ጀመርኩ።

"አላጠባሁትም። ማሩ ሲመጣልኝ አኩርፌ ጓዳ ገባሁ። የመንገደኛ እናት አልሆንም አልኩ። ሽማግሌዎቹ ሁሉ ሰምተዋል። እናቱ አይደለሁም።" የመጨረሻዋን ስል በነጠላዬ ፊቴን ሸፈንኩ።

ቶማሽ አማርኛው የበርበሬ ተራ ቢሆንም ይኼ ገባው። ፈገግታው ጠፋ። "አፍራ ነው አላልሽኝም?" አላት ሚስቱን።

"ታዲያ ምን ልበልህ?" አለች ያይኔአበባ። እሷም እያለቀሰች ነበር።

እዚያ ቤት ደስ ያለው ወንዳወቅ ብቻ ነው። "ተመስገን!" አለ። "እናቴ፣ ኩርፊያዎ ትዳር አተረፈ!" ከሽማግሌዎቹ ለአንዱ ስልክ ደውሎ ጠየቀ፤ እሳቸውም "ጓዳ ገብታ በሩን የዘጋችው አዘጋግ ዛሬም ይሰማኛል" ብለው መሰከሩልኝ። ጽፎ ማኅተሙን መታ።

ወጣን። ወልደ ሥላሴ ሚኒባስ ሊፈልግ ሄደ። ዞር ስል ቶማሽ የለም። ተቀየመኝ፣ ሄደ አልኩ። ከመንገዱ ማዶ፣ ማንጎ ከሚሸጡት ሴቶች ዘንድ ጎንበስ ብሎ እየመረጠ ነበር። ይዞ መጣና ዘንቢሉን እግሬ ሥር አኖረው።

"እማ፣ ማንጎ" አለኝ።

"እናትህ አይደለሁም ብያለሁ እኮ! ዝም በል፣ ቢሮው እዚህ ነው፣ ሰው ይሰማል!"

አሰበ፤ ጣቱን ወደ ቢሮው ቀሰረ። "ፍኖተ ሰላም፣ እማ አይደለም" አለ። ከዚያ ጣቱን ወደ መንገዱ አዞረ። "ቡሬ፣ እማ።"

ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም አሉ፤ እኔማ ቡሬ እስክንደርስ አላባራልኝም። ሚኒባሱ ውስጥ ያለው ሰው ለቅሶ የምንደርስ መስሎት "እግዜር ያጽናሽ" ይለኛል። ያይኔአበባ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት አንገቷን በመስኮት አወጣች።

ፈቃዱ ቪዛው ሳያበቃ፣ ጥምቀት ሊገባ ሲል ደረሰ። ያይኔአበባ ከመጋዘኗ እየጮኸች መጣች፤ በርበሬ ተራ እልልታው ቀለጠ። ማታ ቤት ተሰበሰብን። ወልደ ሥላሴ፣ ነገር መቆስቆስ ልማዱ ነው፣ ያንኑ የማር እንስራ አውጥቶ ፊቴ አስቀመጠ።

"እንግዲህ ፈቃዱም መጣ" አለ። "አሁንስ አታጠቢውም?"

አውራ ጣቴን ፈጥኜ ነጠላዬ ውስጥ ሸሸግሁ። "ወግድልኝ! ልጁን ከአገር ልታስወጣብኝ ነው?"

ሳቁ። ቶማሽም ሳቀ፤ ግን ማሩን ያየዋል፣ እኔን ያየኛል። አላስችል አለኝ። ተነሥቼ ከጓዳ ማንኪያ አመጣሁ። ጣቴ እንዳይነካ ማንኪያውን ጫፉን ብቻ ይዤ፣ ማሩን ሞላሁና "አፍህን ክፈት" አልኩት። ከፈተ። አጎረስኩት። ያይኔአበባ "ኧረ ጣትሽን! ኧረ ጣትሽን!" ትላለች፤ ወልደ ሥላሴ "እኔ ምስክር ነኝ፣ በማንኪያ ነው!" ይላል።

ቶማሽ ማሩን ዋጠ። ቀሚሴ የበርበሬ ተራ ቀሚስ ነው፤ ተጠግቶኝ ኖሮ አስነጠሰ።

"ይማርህ፣ ልጄ" አልኩት።