የአባቴ የቁም ተዝካርና ሃያ አራቱ ቤቶች

የቤት ሥራ ማኅበራችን ሃያ አራት አባላት ነበሩት፤ ስብሰባ ላይ ግን ከሦስት በልጠን አናውቅም። አንዱ ሊቀ መንበሩ ናቸው፤ ሁለተኛው አባቴ ነው፤ ሦስተኛው እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ አባል ስላልሆንኩ አልቆጠርም። ጽሕፈቱ ያምራል ተብዬ ቃለ ጉባኤ እንድይዝ የተደረግሁ ጸሐፊ ነበርኩ። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሊቀ መንበሩ ከወንበራቸው ይነሣሉ፤ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፤ ዓይን ዓይናችንን እያዩ «ምልዓተ ጉባኤው ባለመሟላቱ ስብሰባው አይካሄድም» ይላሉ። እኔ እጽፋለሁ። አባቴ ያጨበጭባል። ለምን እንደሚያጨበጭብ ብጠይቀው «ሰውየው ብቻቸውን የቀሩ እንዳይመስላቸው ነዋ» አለኝ።

ነገሩ የሆነው ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ላፍቶ ውስጥ የአንድ እድር ሰዎች ነበርን፤ የመንግሥት ሠራተኛው፣ የፋብሪካ ሠራተኛው፣ ቸርቻሪው፣ ሁላችንም ተከራይ። ተደራጅተን ቦታ ጠየቅንና ከሀና ማርያም ወደ ፉሪ ሲወረድ ያለ ተዳፋት ማሳ ተሰጠን። ተሰጠን ማለቴ ወረቀቱ ተሰጠን ማለቴ ነው፤ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ። መሬቱ ላይ አንድ ገበሬ ምስር ዘርቶበታል። ችካሎቻችንን እንዳይነካ በሬዎቹን እየጠመዘዘ በመሃል በመሃሉ ያርስ ነበር። ቦታው ከአያቶቹ ጀምሮ የእነሱ ነው፤ ለእኛ ሲሰጥ እሱን ያማከረው የለም። እኛም አላማከርነውም። ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል፤ ያኔ ግን የማስበው ስለ ቤት ብቻ ነበር።

የወረዳው የቤቶች ባለሙያ ሦስት የቤት ፕላን ሰጥቶናል፤ ሀ፣ ለ እና ሐ። ከሦስቱ አንዱን ቢያንስ አሥራ ስድስት አባላት እጅ አውጥተው መምረጥ አለባቸው። እስከ ሰኔ መጨረሻ ካልመረጥን ቦታው ይመለሳል።

እኔ ለቤት የቸኮልኩበት ምክንያት የተለየ ነው። ከአባቴ ጋር ከአንድ ግቢ ጓሮ በአንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። እናቴ ከሞተች ቆይታለች። አንድ ቀን ከጎናችን ያለው ተከራይ ሞተ። አከራያችን ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ግን ጽጌረዳ ተክላ ነበርና ድንኳን በግቢዬ አይተከልም አለች። ድንኳኑ ከአጥር ውጭ መንገድ ዳር ተተከለ። ሚኒባስ ባለፈ ቁጥር አልቃሹ አቧራ ይለብሳል፤ ረዳቱ በሙሾው መሃል «ሳሪስ! ሳሪስ!» እያለ ይጣራል። ሬሳው ከጓሮ ሲወጣ ተሸካሚዎቹ በተሰጣ ልብስ ሥር ጎንበስ ብለው አለፉ። አባቴ ይህን ሁሉ ቆሞ አየ። ያን ቀን ምሳ አልበላም።

«እኔ በሰው በር አልወጣም» አለኝ። «የራሴ በር ሳይኖረኝ አልሞትም።»

ሰባ ስምንት ዓመቱ ነበር፤ አስምም አለበት። ነገሩን የተናገረው ግን ቀጠሮ እንደሚያራዝም ሰው ነው። ሌሊት ሌሊት ትንፋሹ ሲያፏጭ እየሰማሁ እኔ ነበርኩ የምጨነቀው። እሱ እንደሆን ቃሉን ሰጥቷል፤ ይተኛል።

መፍትሔው የተገኘው ለቅሶ ቤት ነው። የአንዷ አባላችን አማት ሞተው በሁለተኛው ቀን ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ካርታ እንጫወታለን። ሊቀ መንበሩ ጡረታ የወጡ የሂሳብ መምህር ናቸውና ቆጠራ ይወዳሉ። ዙሪያውን ቃኙና ክንዴን ጨበጡኝ።

«ጸሐፊ! ሃያ አንድ ነን እኮ!»

እውነታቸውን ነው። ከስብሰባ የቀረ ምንም አይሆንም፤ ከለቅሶ የቀረ ግን በእድሩ ይቀጣል። ቅጣቱስ ግድ የለም፤ በእሱ ለቅሶ ጊዜ ሰው ዝር አይልለትም። ስለዚህ ሰዉ ለቤቱ አይመጣም፤ ለለቅሶ ግን ከየትም ከየትም ተጠራርቶ ይመጣል። ሊቀ መንበሩ ወዲያው በሹክሹክታ አጀንዳ አስያዙ። የኮሚቴ ምርጫ ነበር፤ ፕላን ያለ ባለሙያው ታዛቢነት ስለማይመረጥ ለሚቀጥለው ለቅሶ ተላለፈ። እጆች ከጋቢ ሥር ብቅ ብቅ አሉ። ንፍሮ የምታድለው ልጅ የወጡትን እጆች ስታይ ጨምሩልን ያሉ መስሏት ለሁሉም አንዳንድ ጭልፋ ጨመረችላቸው። ውሳኔው በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

ቃለ ጉባኤውን ለወረዳው ባለሙያ ሳቀርብ «የስብሰባው ቦታ፦ ለቅሶ ቤት» የሚለው ላይ ጣቱን አሳረፈ።

«ይሄን ጊዜያዊ ጽሕፈት ቤት በሉት» አለኝ። ሌላ እንከን አላገኘበትም።

ከዚያ ወዲያ ሰው መሞት አቆመ። ክረምቱ አለፈ፣ መስቀል አለፈ፣ ገና አለፈ፣ ፋሲካ መጥቶ ሄደ፤ አንድም ሰው አልሞተም። ሊቀ መንበሩ ከሽማግሌ ወደ ሽማግሌ እየዞሩ ጤና ይጠይቃሉ። «እንቅልፍስ? ምግብስ ይበላልዎታል?» ይላሉ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ሲባሉ ፊታቸው ይወድቃል። አንዲት አሮጊት አባላችን በተስቦ ተይዘው ተኙ። ማኅበርተኛው ሁሉ አጥሚት እየያዘ ጎረፈላቸው፤ በአጥሚቱ ብዛት ዳኑ። እኔም ብሆን፣ ምን ልዋሽ፣ ሲድኑ ቅር ብሎኛል። ያን ቀን ራሴን ጠላሁት።

ሰኔ ገባ። አሥራ ስምንት ቀን ቀረን። ማታ ራት ላይ ለአባቴ ቦታው ሊመለስ መሆኑን ነገርኩት። ጉርሻውን አላምጦ ዋጠና ትንሽ አሰበ።

«ታዲያ የቁሜን ተዝካር ባወጣስ?» አለ።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ወራሽ የሌለው ወይም ወራሾቹን የማያምን ሰው በሕይወት እያለ የራሱን ተዝካር ይደግሳል። አባቴ ወራሽ አለው፤ እኔ አለሁ። «አታምነኝም?» ብዬ ተቆጣሁ።

«አንተንማ አምናለሁ። ማኅበርተኛውን ነው የማላምነው» አለኝ። «ድንኳኑ ደግሞ እዚያው ቦታው ላይ ይተከል። የገዛ ግቢዬ አይደል?»

የቀረው የእድር ድንኳን ነው። የእድራችን ዳኛም እኚሁ ሊቀ መንበር ነበሩ፤ ነገሩ ቀላል መስሎን ነበር። እሳቸው ግን ሥርዓት አዋቂ ናቸው። በሊቀ መንበርነታቸው ለእድሩ ዳኛ፣ ማለትም ለራሳቸው፣ ደብዳቤ አስጻፉኝ። ሦስት ቀን ፈጅተው መረመሩት። መልሱን በእድሩ ወረቀት አስጻፉኝ፤ «ሟቹ ያልሞቱ ስለሆነ ጥያቄው ተቀባይነት አላገኘም» ይላል።

«መምህር፣ ራስዎን ከለከሉ እኮ!» አልኳቸው።

«ምን ላድርግ? መተዳደሪያ ደንቡ ነው የከለከለኝ» አሉ። ከልባቸው ነበር ያዘኑት። በማግስቱ ይግባኝ አስጻፉኝ። ይግባኙ ላይ «ሟቹ ወደፊት መሞታቸው የማይቀር ስለሆነ» የሚል ሐረግ ጨመርኩ። ይህን ሲያነቡ መነጽራቸውን አወለቁና ፈቀዱ። የአባቴ ንስሐ አባት ደግሞ ተዝካር በጾም አይወጣም ይሉናል ብለን ስንፈራ «ገና ላልሞተ ሰው ምን ክፋት አለው?» አሉ። የሰኔ ጾም መሆኑ እንዲያውም በጀን፤ ድግሱ በምስር ወጥ አለፈ። ምስሩን ያመጣው ያው ገበሬ ነው፤ ከማሳው፣ ማለትም ከማሳችን። አባቴ ሄዶ ስለጠራው።

ጥፋቱ የጥሩምባ ነፊው ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድ ዓይነት ቃል ሲለፍፍ የኖረ ሰው ነው። የቁም ተዝካር ነው ብለን አስጠናነው፤ ሰፈር ውስጥ ገብቶ ጥሩምባውን ሲነፋ ግን አፉ የለመደውን አወጣ፤ አባቴ ማረፉን ለፈፈ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሴቶቹ ነጠላ አዘቅዝቀው፣ ደረት እየደቁ፣ ማሳውን አቋርጠው መጡ። አባቴ ነጭ ጋቢውን ለብሶ የድንኳኑ በር ላይ ቆሟል።

«ግቡ! ግቡ! ምነው ዘገያችሁ?» ይላል።

አንዷ ራሷን ስታ ወደቀች። ሌላዋ እጁን ነክታ ካረጋገጠች በኋላም ማልቀሷን አልተወችም፤ የጀመረችውን ትጨርስ እንጂ። ከሁሉ የከፋው የወረዳው ባለሙያ ነበር። የምርጫው ታዛቢ ሆኖ ሲመጣ ለቅሶ ነው ብለውት ስለነበር፣ ከበሩ ላይ ለቆመው ለአባቴ እጅ ነስቶ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አለው።

«አሜን፤ ለእርስዎም» አለ አባቴ።

ሃያ ሦስት ሆነን ተቆጠርን። ሊቀ መንበሩ «ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል» ሲሉ ድምፃቸው ተቆራረጠ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎት ያየሁት ሰው የለም። ባለሙያው ሦስቱን ፕላኖች በድንኳኑ ምሰሶ ላይ ሰቀለ። «ሀ» ሰፊ ነው፣ «ለ» መካከለኛ ነው። «ሐ» ለአነስተኛ ገቢ የተጠና ነው፤ ከፊት በሩ ሲገባ ጠባብ መተላለፊያ አለ፣ ከዚያ ዞር ሲሉ ክፍሎቹ። በዝቅተኛ ዋጋ የሚያልቀው እሱ ነው። ሰው አመነታ። አባቴ ተነሥቶ ተናገረ።

«እኔ ለትንሽ ጊዜ ነው የምቆየው፤ ሰፊ ምን ያደርግልኛል? አቅማችንን እንወቅ። ሐ ይበቃናል» አለ።

የተዝካሩ ባለቤት የተናገረውን ማን ይቃወማል? ሐ አለፈ።

ቤቱ ቀስ እያለ ወጣ። ግድግዳው ሲያልቅ ጣሪያ ሳይመታ የአባቴን አልጋ በግድግዳው ላይ አሻግረን አስገባን፤ ዝናብ እንዳይመታው ሸራ አለበስነው። መስኮቱ ላይ ወፍራም ፌሮ አስበየድን። የሚሰረቅ ዕቃ አልነበረንም፤ ሁሉም ስላደረገ ነው። ጣሪያው በተመታ ማግስት አባቴ ገባ። በሩን ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ እንደገና ይከፍታል። አላፊ አግዳሚውን ሁሉ ያለ ምክንያት ይጠራል፤ እስከ በር ለመሸኘት ነው።

እዚያ ቤት አንድ ዓመት ከአራት ወር ኖረ። ከዚያ አንድ ማለዳ፣ በራሱ ቤት፣ በራሱ አልጋ ላይ አረፈ። ሐዘኔ ውስጥ አንድ ደስታ ነበረብኝ፤ ልደብቀው አልችልም። ቃሉን ጠብቋል፤ የፈራው ነገር አልደረሰበትም ብዬ አሰብኩ።

አስከሬኑን የያዘው ሳጥን ከክፍሉ ወጥቶ መተላለፊያው ጋ ሲደርስ ቆመ። ሳጥኑ ክዳኑና ጎኖቹ ለየብቻ ገብተው እዚያው ክፍል ውስጥ የተገጠመ ነበር፤ ያኔ ማንም ልብ አላለም። ወደ ግራ ሞከሩ፤ ወደ ቀኝ ሞከሩ። አባቴ ረጅም ሰው ነበር። ሳጥኑ መታጠፊያው ላይ አልዞር አለ። ያለ ሳጥን በጋቢ እናውጣው ተባለ፤ ገላው ደርቋልና እሱም ጋደም እንዳለ አይዞርም። መስኮቱ ፌሮ አለበት። በመጨረሻ አንዱ ጎረቤት ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አቁመን ብናወጣውስ?» አለ።

«አባቴ በእግሩ አይሄድም!» ብዬ ጮህኩ። እንዴት እንደጮህኩ አላውቅም። «ሞቷል እኮ! አሁን እውነቱን ነው የሞተው!»

 የምስሩ ገበሬ ከአልቃሹ መሃል ተነሥቶ ወደ ቤቱ ሄደ፤ ዶማ ይዞ ተመለሰ። ፈቃዴን በዓይኑ ጠየቀኝ፤ ራሴን ነቀነቅኩ። የፊት ለፊቱን ግድግዳ ከበሩ ጎን መታው። ብሎኬቱ ሲወድቅ ሴቶቹ ለእያንዳንዱ ብሎኬት አለቀሱ። አባቴ በበሩ ሳይሆን ከበሩ ጎን፣ በግድግዳው ወጣ።

እኔ ሳጥኑን ተከትዬ ስወጣ ዞር ብዬ አየሁ። ማኅበርተኞቹ ሁሉ እያለቀሱ ነው፤ ግን ዓይናቸው እኔ ላይ አይደለም፤ አባቴም ላይ አይደለም። መታጠፊያውን ያያሉ። አንዱ በክንዱ ለካ። ሌላው ሚስቱን ከራስ እስከ እግሯ አያት። ሃያ አራቱም ቤቶች ሐ ነበሩ።

በሚቀጥለው እሑድ ማንም ሳይጠራቸው መጡ። መታጠፊያውን ስለ ማስፋት ነው። ሊቀ መንበሩ ሁለት ጊዜ ቆጠሩ። ሃያ ሦስት። አንዱ ብቻ ነው የቀረው። ቃለ ጉባኤውን ወደ እኔ ገፉልኝና ያልተገኘውን አባል ምክንያት እንድሞላ ነገሩኝ፤ ደንብ ነው። ብዕሩን ይዤ ብዙ ቆየሁ። ማንም አልቸኮለም፤ ሁሉም ጠበቀኝ። ከዚያ «ከስብሰባ ቀርቶ አያውቅም» ብዬ ጻፍኩ።