የባለጀልባው አደራ፤ ከአዲስ አበባ እስከ ውጫሌ

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት

ከአዲስ አበባ የተነሣሁት ስሙን የማላውቀውን ጓደኛዬን ልፈልግ ነው። በስልክ የምንጻጻፍበት ግሩፓችን ላይ «ባለጀልባ» ይባላል። ሐይቅ ከተማ እንደሚኖር፣ ሰው ስልክ ላይ ዘፈንና ፊልም የሚጭንበት ሱቅ እንዳለው፣ የሚያስፈራ ፊልም ሲያይ መብራት እንደማያጠፋ አውቃለሁ። የአባቱንም ድምፅ አውቃለሁ። መልኩን ግን አይቼው አላውቅም።

ስድስት ነበርን። ለውጡ በመጣ ሰሞን ሰው ሁሉ ስለ ፖለቲካ ሲጯጯህ፣ እኛ ስለ ፊልም፣ ስለ ጌምና ስለ ሙዚቃ ብቻ የሚወራበት ግሩፕ ከፈትን። የማናችንም ስልክ ሁሉንም ስለማይችል አደራ ተከፋፈልን። አንዱ ፊልሙን፣ አንዷ ጌሙን ሊያስቀምጡ፣ እኔ ደግሞ ሙዚቃውን ላስቀምጥ። ስሜም «ጎተራው» ሆኖ ቀረ። ባለጀልባ አባቱ በክራር የሚጫወቱትን እየቀዳ በየሳምንቱ ይልክልን ነበር። አንድ ቀን፣ የአንድ ጌም መጨረሻ ላይ የምትመጣዋ ዜማ አምባሰል ናት ብሎ ድርቅ አለ። ሳቅንበት። በማግስቱ አባቱ ያችኑ ዜማ በክራር ሲጫወቷት ቀድቶ ላከ። ከዚያ ወዲያ የሳቀ የለም።

ከዚያ ጦርነቱ ወሎ ገባ። ባለጀልባ ከነላካቸው ነገሮች ሁሉ ከግሩፑ ጠፋ። ወዲያው የአካባቢው ኔትወርክ ተቋረጠ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ዝም አሉ። እኔ የምኖረው ብቻዬን ነው። ማተሚያ ቤት ውዬ ስመለስ የሚጠብቀኝ እነሱ ነበሩ፤ ዝም ሲሉ አንዲቷ ክፍሌ ሰፋችብኝ።

አሁን ነውሬን ልናገር። ጦርነቱ ከመድረሱ በፊት አንድ ትልቅ የኳስ ጌም ልጭን ስል ስልኬ ላይ ቦታ ጠበበኝ። «አባባ» የሚለውን የክራር ፎልደር አጠፋሁት። ግሩፑ ላይ ስላለ መልሼ አወርደዋለሁ ብዬ። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይባላል፤ እኔ ግን አደራዬን በኳስ ጨዋታ ለወጥኩት። ስለዚህ መንገዱ እንደተከፈተ የተነሣሁት በሕይወት መኖሩን ላረጋግጥ፣ ካለ ደግሞ ይህንኑ ልነግረው ነው።

ጣርማ በርን አልፈን

ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱ ጣቴን አደነዘዘኝ። ከጣርማ በር ዋሻ ወጥተን ቁልቁለቱን ስንወርድ ደግሞ ሰው ሁሉ ጃኬቱን እያወለቀ ጭኑ ላይ ያስቀምጥ ጀመር። ሸዋሮቢት ላይ ምሳ በላን። በየኬላው እየወረድን ተፈተሽን። ከመንገዱ ዳር የተቃጠለ የጭነት መኪና ባየን ቁጥር አውቶቡሱ ውስጥ ወሬው ይቋረጣል፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይቀጥላል።

አጠገቤ የተቀመጡት እናት የደሴ ሰው ናቸው። ከፌስታላቸው ዳቦ ቆርሰው ሰጡኝ።

«ዘመድ ልትጠይቅ ነው?»

«ጓደኛዬን ነው፣ እናቴ።»

«ማን ይባላል? ምናልባት አውቀው እንደሁ።»

«ስሙን አላውቀውም።»

ዳቦውን መቁረሳቸውን ተዉ። «መልኩንስ?»

«እሱንም አላውቅም።»

«ይሁና» አሉ። «የሚያውቀውን የማይጠይቅ ስንት አለ። አላህ ያገናኛችሁ።»

ደሴ የገባነው ጀምበር ስታዘቀዝቅ ነው። አልጋ ይዤ፣ እራቴን በልቼ፣ ስልኬን ከፈትኩ። ለማን እንደምጽፍ ስላጣሁ ዘጋሁት።

እሑድ፣ ሐይቅ

ከደሴ ሐይቅ በሚኒባስ ቅርብ ነው። የሐይቁ ውኃ ከሩቅ ሲታይ ያለ ወትሮዬ ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ፈራሁ። መናኸሪያው አጠገብ አንድ ባጃጅ ነጂ አስቆምኩ።

«ስልክ ላይ ዘፈን የሚጭን ሰው ፈልጌ ነበር። አባቱ ክራር የሚጫወቱ።»

«ሰይዶን ነው የምትል? ግባ፣ ላሳይህ።»

ያቆመኝ ሽንኩርት የሚሸጥባት አንዲት ጠባብ ሱቅ በር ላይ ነው። «እዚች ነበር። ኮምፒዩተሩንም ምኑንም በጦርነቱ ጊዜ ጭነው ወሰዱበት። አባቱም በዚያው ሰሞን ሞቱ፣ አላህ ይዘንላቸው። አሁን ውጫሌ እናቱ ዘንድ ነው ያለ፤ ገበያው ዳር ስልክ ይሠራል።»

ስሙን ባወቅሁበት ደቂቃ የአባቱን ሞት ሰማሁ። ሐይቁ ዳር ወርጄ የቆሮሶ ጥብስ አዘዝኩ። ዓሣው ትኩስ ነው፣ ሚጥሚጣውም ደህና ነው፤ ግን ግማሹን ተውኩት። ወደ ደሴ የሚመለስ ሚኒባስ መንገዱ ዳር ቆሞ ሰው ይጭናል። መኖሩን አረጋግጫለሁ፣ ይበቃኛል፣ ልመለስ ብዬም ነበር። ሒሳቤን ከፍዬ ስነሣ ግን የውጫሌው መጣ፤ ሳላስብ ገባሁበት።

ውጫሌ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት

መንገዱ በአምባሰል ተራሮች ሥር ይሄዳል። ስማቸውን በዘፈን እንጂ በዓይኔ አላውቃቸውም ነበር።

ገበያው ዳር፣ በትልቅ ጃንጥላ ሥር፣ አንድ ሰው አጎንብሶ ስልክ ይፈታል። የሃያ ዓመት ልጅ ነበር የሚመስለኝ፤ ጺሙ ሸብቷል።

«ባለጀልባ?» አልኩት።

ካቻቪቴውን አስቀመጠ። ቀና ብሎ አየኝ። «ጎተራው?»

ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን። ጀልባው የት እንዳለ ጠየቅሁት።

«ኧረ የምን ጀልባ፣ ወንድማለም፤ ዋናም አልችል።»

ሳቅን። የአባቱን ነገር ሰምቼ እንደመጣሁ ነግሬ አላህ ያጽናህ አልኩት። እሱም የሆነውን ነገረኝ።

«ስልክ ይበረብራሉ የሚል ወሬ መጣ። ፈራሁ። እናንተንም እንዳላስነካ ብዬ፣ የላክሁትን ሁሉ ከናንተም ዘንድ እንዲጠፋ አድርጌ ሰረዝሁት። ከዚያ ሱቁ ተዘረፈ። አባባ የስኳር መድኃኒታቸው አልቆ፣ መንገዱም ተዘግቶ፣ በእጄ ላይ አለፉ።» ከደረት ኪሱ በላስቲክ የተጠቀለለች ሜሞሪ ካርድ አወጣ። «ይችን ምንም ሳልጭንባት ይዣታለሁ። ለሳቸው ዘፈን ብዬ። ወላሂ፣ አንተ ጋ አለ ብዬ ነው ስሰርዝ ያላመነታሁ።»

የፈሩት ይደርሳል ማለት ይህ ነው።

«የለም፣ ሰይዶ» አልኩት። «እኔም ጋ የለም። ጦርነቱ ሳይመጣ አጥፍቼዋለሁ። ጌም ልጭንበት።»

«የትኛውን ጌም?»

ነገርኩት።

«እሱማ ምኑም አይረባ» አለ። ካርዷን መልሶ ጠቀለላት። የያዘውን ስልክ አንስቶ መፍታቱን ቀጠለ።

«አፉ በለኝ» አልኩት። ብሎኑን ፈትቶ ጎኑ አስቀመጠ። እኔም ከመሄድ ይልቅ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ መናገር ጀመርኩ። ሥራ ስሄድና ስመለስ አውቶቡስ ላይ የምሰማው የአባቱን ቅጂዎች ነበርና በቃሌ ይዣቸዋለሁ። ሦስተኛው ዘፈን ላይ አባቱ እንደሚያስሉ፣ አስለውም «ኧረ ውኃ!» እንደሚሉ፣ በር ሲጢጥ ብሎ እንደሚከፈት፣ አንዲት ሴት እንደምትስቅ፣ ከዚያም ካቆሙበት ሳይሆን ከመጀመሪያው እንደሚጀምሩ ነገርኩት። የጌሟን ዜማ ሲጨርሱ ደግሞ «ይህን የሠራው ሰውዬ ተክዟል» እንደሚሉ።

ሰይድ እጁን ከስልኩ ላይ አነሣ። «የሳቀችው እናቴ ናት» አለ። ጃንጥላውን አጠፈ። «ና፣ ለሷ ንገራት።»

እናቱ እትዬ ዘይነባ ከገበያው ብዙ በማትርቅ ቤት ይኖራሉ። ክራሩ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። እርጎ ሰጥተውኝ፣ የመጣሁበትን ሰምተው፣ እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ። ስጨርስ «እስቲ ድገምልኝ» አሉ። ሦስት ጊዜ ደገምኩላቸው። በሦስተኛው «ውኃ ሲሉ እኮ እኔን ነው» ብለው ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ። «አፉ ብለንሃል፣ ልጄ» ያሉኝም እሳቸው ናቸው። ሰይድ እስከ መንገዱ ሸኘኝ፤ እጄን ጨብጦ ወደ ጃንጥላው ተመለሰ።

ቤቴ

ሰኞ ማታ ክፍሌ ገባሁ። የኳሱን ጌም አጠፋሁት። ስልኬ ላይ የተከፈተው ቦታ ብዙ ነው፤ የማስቀምጥበት ነገር አልነበረኝም። ግሩፑ ላይ «ባለጀልባ አለ። ሰይድ ይባላል» ብዬ ጻፍኩ። የመለሰ የለም። ከጉዞዬ የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር፣ አደራ ቦታ እስኪጠብ ድረስ የሚቀመጥ ዕቃ አለመሆኑን ነው፤ የተማርኩት ግን ከረፈደ ነው።

በሳምንቱ ከማላውቀው አካውንት ድምፅ መጣልኝ። ጀማሪ የሆነ ሰው ክራር ይመታል፤ ክሮቹን ሁለቴ ሳተ። ሦስተኛው ዘፈን ነው። መሃል ላይ ሲደርስ ቆመና አሳለ። «ኧረ ውኃ!» አለ፤ የሰይድ ድምፅ ነው። በር ሲጢጥ አለ፣ አንዲት ሴትም ሳቀች፣ ሳቋን ግን አልጨረሰችውም። ከዚያ ከመጀመሪያው ጀመረ።

ከሥሩ «አደራ እንግዲህ፣ ጎተራው» ብሎ ጽፏል።